አንድ ቦታ፣ ብዙ ማለዳ፦ በወሎ ምድር ግርምትንና ጽሞናን የመለማመጃ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥራ ለሚበዛበት፣ ስልኩ ለማያርፍለት፣ ነገር ግን ለዓመት በዓል ወይም ለለቅሶ ወደ ደሴ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወልድያ ብቅ ባለ ቁጥር «ይህን አገር እኮ በቅጡ አላየሁትም» እያለ ለሚመለስ ሰው ነው። እዚያው ተወልዶ እዚያው ለሚኖረውም ይሆናል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚቸገረው እርሱ ነው፤ ጦሳ በየማለዳው ከፊቱ የሚቆምለት የደሴ ሰው ተራራውን አንድም ቀን ሳያስተውለው ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። የምመክረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ብዙ ቦታ ከመዞር ይልቅ አንድ ቦታ መርጦ መመላለስ፣ ስለዚያ ቦታ የሚነገረውን ተረት በቦታው ላይ ሆኖ መስማት፣ ከዚያም ተረቱ ወደሚጠቁመው ነገር ዓይንን መላክ። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ስለሚያንስ ሳይሆን እኔ የተመላለስሁበት እርሱ ስለሆነ ነው።

አንደኛ፦ ቦታ ይምረጡ

የሚመርጡት ቦታ ከሚያድሩበት ቤት ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ቢኖረው ይመረጣል፤ ሩቅ ከሆነ አንድ ጊዜ ይሄዱና ሁለተኛ አይመለሱም፤ ሁለተኛ ካልተመለሱ ደግሞ ይህ መመሪያ አይሠራም። ከዚህ ሌላ ሰው ሳይከለክልዎ የሚቀመጡበት፣ በየቀኑ የሚለዋወጥ ነገር (ውኃ፣ ጉም፣ ገደል ላይ የሚወርድ ጥላ፣ ትልቅ ዋርካ) ያለበትና አረጋውያን ታሪክ የሚያወሩለት ይሁን። ለደሴ ነዋሪ የጦሳ ግርጌ ወይም የአዝዋ ገደል አካባቢ ይበቃል። ቦረና ሳይንት ያለ ሰው የደንቆሮ ጫካ አለለት፤ እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን በገደል ላይ አድረው ማለዳ ወደ ሣሩ ሲወጡ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ብዙም አይሸሹም።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በወልድያው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ከከተማው ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። የውኃው ስም ከከተማው ስም አይለይም፤ ሁለቱም «ሐይቅ» ናቸው፤ ለአገሩ ሰው ሌላ ሐይቅ ያለ እስከማይመስለው ድረስ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በአቅራቢያው ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከፊትዎ ያለው ውኃ የሚገባ እንጂ የሚሄድ እንዳልሆነ እያወቁ ሲቀመጡ ዓይንዎ የሚፈልገው ነገር ይለወጣል።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱንና ወቅቱን ይወስኑ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ላይ፣ በቦታው መገኘት ከሁሉ ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሌሊት በደጋው አየሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውኃው ግን የቀኑን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ በመሆኑም ከሞቃቱ ውኃ የሚወጣው እርጥበት ከቀዝቃዛው አየር ሲገናኝ ወደ ጉምነት ይለወጣል። በዚህ ሰዓት ነፋስ ገና ስላልተነሣ የውኃው ፊት እንደ መስተዋት ይሆናል። ፀሐይ የብሱን ማሞቅ ስትጀምር፣ 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ነፋሱ ይነሣል፤ ውኃውም ይሸበሸባል። ስለዚህ በ4 ሰዓት መጥቶ «ሐይቁ ጸጥታ የለውም» የሚል ሰው ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለ ራሱ እንቅልፍ እየመሰከረ ነው።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ አየሩ የጠራና መሬቱ አረንጓዴ የሆነበት ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ክረምቱ ጭቃ ቢኖረውም ለጉም ወዳጅ አይጠላም። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ከመሄድ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ነዋሪ መጠየቅ ግድ ነው፤ በጨለማ ብቻን መሄድም አይመከርም።

ሦስተኛ፦ የሚይዙትን ያዘጋጁ

ጋቢ፣ እርጥበት የማያስገባ ጫማ፣ ትንሽ ቆሎ፣ ውኃ፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። እስክሪብቶ በብርድ ሊያስቸግር ይችላል፤ እርሳስ ግን አይከዳም። የሚቀመጡበትን መሬት አስቀድመው ይመርምሩ፤ ጋቢ አንጥፎ በጉንዳን መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ያን ዕለት ስለ ጽሞና የሚማረው ነገር አይኖርም፤ ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው።

ስልክ ይያዙ፤ ግን ይዝጉት። መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ ስልኬን ይዤ ጠዋቱን በሙሉ ፎቶ ሳነሣ ቆየሁ። ማታ ቤት ስገባ አክስቴ ቡና እያፈላች «ውኃው ዛሬ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አረንጓዴ ይሁን ድፍርስ፣ የሞላ ይሁን የጎደለ፣ መመለስ አቃተኝ፤ ስልኬን ከፍቼ ላሳያት ስል «አንተን ነው የጠየቅሁህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ስልክ ሳልከፍት እቀመጣለሁ፤ ለሌላውም የምመክረው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፦ ይቀመጡ፤ መጀመሪያ ይስሙ

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አስቸጋሪ ነው። ሐሳብ ወደ ዕዳ፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ትናንት ንግግር ይሮጣል፤ ይህ የሁሉም ሰው ነገር ስለሆነ መበሳጨት አያስፈልግም፤ የወሎ ሰው እንደሚለው «አብሽር» ነው። ሐሳብን በትእዛዝ ማስቆም ስለማይቻል ሥራ ይስጡት። ዓይንዎን ጨፍነው ከሩቁ ድምፅ ወደ ቅርቡ ይምጡ። በሐይቅ ዳር በመጀመሪያ፣ ጎህ ሳይቀድ ከደረሱ፣ ከከተማው በኩል የሱብሒ አዛን ሊሰማ ይችላል፤ ከገዳሙ በኩል ደግሞ ደወል። ቀጥሎ የአስፋልቱ መኪና፣ ቀጥሎ የዶሮና የውሻ ድምፅ፣ ከዚያ ውኃው ላይ ያሉት ዳክዬዎች፣ ከዚያ ቄጠማው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር፣ በመጨረሻ የራስዎ ትንፋሽ። እስከ ትንፋሽዎ ከደረሱ በኋላ መንገዱን ገልብጠው ወደ ሩቁ ይመለሱ። ይህን ሁለት ጊዜ ያደረገ ሰው በአብዛኛው ሳያስበው ሰክኗል።

«ሰክኗል» ያልሁት ቃሉን መርጬ ነው። በአማርኛ ቡናም ይሰክናል፤ ድፍርስ ውኃም ይሰክናል፤ ሰውም ይሰክናል። ሦስቱም የሚሰክኑት በአንድ መንገድ ነው፤ ባለመነካት።

አሁን ዓይንዎን ይክፈቱና ሙሉውን ሐይቅ ለማየት አይሞክሩ። ከፊትዎ የሰፌድ ስፋት የምታህል የውኃ ቁራጭ ይምረጡና ለሃያ ደቂቃ እርስዋን ብቻ ይመልከቱ። መጀመሪያ ባዶ ትመስላለች። ቆይቶ የቄጠማው ጥላ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ይታያል፤ አንዱ በውኃው ፊት ላይ ያረፈ መልክ፣ ሌላው ከሥሩ ባለው ጭቃ ላይ የወደቀ ጥላ ነው። ትንሽ ነፍሳት ፊቱን ሳይበሱ በላዩ ይራመዳሉ፤ እያንዳንዱ እግር የቆመበት ቦታ ላይ ውኃው ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ከሥር ዓሣ አፉን ሲያስጠጋ ክብ ይወጣና እየሰፋ ይሄዳል፤ ሁለት ክቦች ሲገናኙ ግን አይጋጩም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለማስተዋል እኔ አራት ማለዳ ፈጅቶብኛል።

አምስተኛ፦ ተረቱን በቦታው ላይ ሆነው ይስሙ

አብዛኛው ሰው ተረትን የሚሰማው ቤት ነው፤ ቦታውን የሚያየው ደግሞ ሌላ ቀን። ሁለቱን ማገናኘት የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ስለ ሐይቅ የሚነገረው ተረት እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን በዚህ ስፍራ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ አንዲት ልዕልት በደል ፈጸመችባት። ፈጣሪም በበደሉ ተቆጥቶ በዙሪያው ያለውን ምድር ሁሉ ወደ ውኃ ለወጠው፤ ልዕልቲቱም ከነወዳጅ ዘመዶቿ ጠፋች፤ የተረፈው ያቺ ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሆነ። ያ መሬት ደሴት ሆኖ ቀረ፤ ኋላም የእስጢፋኖስ ገዳም የተተከለበት እርሱ ነው ይባላል። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ ነበር።

ይህን ይዘው ወደ ዳርቻው ይመልከቱ። ተረቱ «ደሴት» ይላል፤ ዛሬ ግን ገዳሙ ያለበት መሬት ከየብሱ ጋር ተያይዞ ወደ ውኃው የገባ ምላስ ነው። እንግዲህ የት ላይ ነው የተያያዘው? ውኃው ከፍ ቢል የትኛው ቦታ ይሸፈናል? ቄጠማው የት ይጀምራል፣ እርሻውስ የት ያቆማል? ተረቱን ያልሰማ ሰው ያቺን አንገት የምታህል መሬት ሳያያት ያልፋል፤ የሰማው ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ያፈጥባታል። እኔ ተረቱን «እውነት ነው ወይስ አይደለም» ብሎ መከራከርን እዚህ ላይ አልወድም፤ ክርክሩ ሰውን ወደ ራሱ ሐሳብ ይመልሰዋል፤ ተረቱ ግን ወደ ውኃው እያሳየ ነው።

አረጋውያንን ሲጠይቁ ሥርዓቱን ይጠብቁ። በገዳም በኩል ያሉትን አባቶች «አባቴ ይፍቱኝ» ብለው መስቀል ተሳልመው፣ ሙስሊም አባትን «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው፣ እናትን «እማማ፣ እንዴት አደሩ» ብለው ይጀምሩ። ተረቱን ከመጠየቅ በፊት ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ መጠያየቅ ልማድ ነው፤ የቸኮለ እንግዳ አጭር ተረት ይሰማል። ሳያስፈቅዱ ድምፅ አይቅዱ። ሌላ ቦታ በሌላ መልክ ሰምተውት ከሆነም አያርሙ፤ «ይህን ከማን ሰሙት?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚህች ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ተረት ይወጣል። ወደ ገዳሙ ግቢ ሴቶች እንደማይገቡ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ይሁን እንጂ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከዳርቻው ሆኖ የሚደረግ ስለሆነ ለማንም አይጎድልም።

ይኸው አሠራር በሌላም ቦታ ይሠራል። ደሴ ስሟን ያገኘችው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ኮከብ አይተው ደስ ስላላቸው ነው ተብሎ ይነገራል፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1882 ይባላል። ያ ዓመት በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ያለፈበት ዓመት ነው። ይህን የሰማ የደሴ ሰው ጉም በሌለበት ሌሊት ወደ ውጭ ወጥቶ ከተራሮቹ መካከል የሚታየው ሰማይ ምን ያህል እንደሆነ ይለካ፤ ንጉሥ ከድንኳን ወጥቶ ያየው ሰማይ ከዚያ ብዙም የተለየ አይደለም።

በላሊበላ ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስን ልብ ይበሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ለእኔ ቤት አልሠራህም» ብሎ በፈረሱ ተቀምጦ ለንጉሡ እንደተገለጠለት ይተረካል፤ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚባልም ምልክት በዓለቱ ላይ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ተፈልፍሎ ስለተሠራ እስከ መጨረሻዎቹ እርምጃዎች ድረስ አይታይም። ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ ታች ለመውረድ ይቸኩላል፤ እርስዎ ግን መጀመሪያ ከላይ ቆመው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን የጣራውን መስቀሎች እየተመለከቱ የግድግዳው ጥላ ከወለሉ ላይ ሲንቀሳቀስ ይጠብቁ። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ስድስተኛ፦ በክረምት ቀና ብለው ያዩ ዘንድ

ክረምት ቤት ያስቀምጣል፤ መስኮት ግን አይከለክልም። ቀስተ ደመናን ሰዉ «የማርያም መቀነት» ይለዋል፤ ፀሐይ ወጥታ ሲዘንብ ደግሞ ልጆች «ጅብ ወለደች» ብለው ይጮኻሉ። ጅቧ ስትወልድ መቀነቱን ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ነው፦ ጀርባን ለፀሐይ መስጠት። ቀስተ ደመና ዘወትር ከፀሐይ በተቃራኒ ይቆማል፤ ጠዋት በምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ከሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አይታይም፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ መፈለግ ድካም ነው። በክረምት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ዝናቡ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍና ፀሐይ ከምዕራብ ብቅ ስትል በር ላይ ይቁሙ።

ሰባተኛ፦ ወደ ቅርቡ ነገር ይምጡ

መስከረም ሲገባ ከመንገድ ዳር አንዲት አደይ አበባ ይያዙ፤ ሳይቀጥፏት ቢሆን ይሻላል። ማጉያ መነጽር ካለ መልካም፤ ከሌለም ዓይን ይበቃል። ዙሪያዋን ያሉት ሰፋፊ ቢጫ ቅጠሎች ለዓይን ይቀድማሉ፤ መካከሉን ግን ቀርበው ሲያዩት አንድ አበባ ሳይሆን የጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። እነርሱም ሁሉም በአንድ ቀን አይፈኩም፤ ከዳር ጀምረው ወደ መሐል እየተከተሉ ይከፈታሉ። ዛሬ ያዩዋትን አበባ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው ቢያዩዋት የተከፈቱት ወደ መሐል ምን ያህል እንደገቡ መቁጠር ይችላሉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቡና አለ። ወሎ ውስጥ ቡና በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት በምርቃት የሚጠጣ በመሆኑ ጽሞናውን አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን አለማቋረጥ ብቻ ነው። ቡናው ሲቆላ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። መጀመሪያ የሚሸተው ሣር ነው፤ ፍሬው ሲቢጫ ሽታው ወደ ቆሎ ይለወጣል፤ ሲጠቁር ገና ድምፅ ያወጣል፤ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁላችን የምናውቀው የቡና ሽታ የሚመጣው። ጀበናው ከወረደ በኋላ እስኪሰክን የሚጠበቀው ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ማንም ሊያፋጥነው አይችልም፤ የቸኮለ ሰው አተላ ይጠጣል። አቦልን ዝም ብለው ይጠጡ፤ ወሬው ለቶና ይቆይ። በረካ ስሙ በረከት ማለት ስለሆነ ምርቃቱ ሳያልቅ ከመቀመጫ መነሣት ነውር ነው።

ስምንተኛ፦ በደብተር ያስፍሩ

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሦስት ወይም አራት መስመር ይጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የታየ ነገር፣ የተሰማ ነገር። ሁለት ቃላትን ከደብተርዎ እንዲያግዱ እመክራለሁ፤ «ውብ» እና «አስደናቂ»። እነዚህ ቃላት ዓይንን ያሳርፋሉ፤ «ውብ ነበር» ብሎ የጻፈ ሰው ምን እንዳየ በወሩ አያስታውሰውም፤ «የግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ጤዛው በሥሩ በኩል ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር» ብሎ የጻፈ ግን በዓመቱም ያየዋል። ምንም ያላዩበት ቀን ይኖራል፤ ጉሙ ሳይገለጥ ብርድ ጠግበው የሚመለሱበት፣ ከአጠገብዎ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ የሚቀመጥበት። እርሱንም ይጻፉት። ሦስተኛውና አራተኛው ጉዞ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ እንዳያቆሙ አደራ፤ በእኔ ልምድ መልካሙ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአብነት ያህል ከራሴ ደብተር አንድ ቀን ይኸው፦

«ጥቅምት 14። 12፡20። ጉም። ዳርቻው ላይ ካለው ቄጠማ ወዲያ ምንም የለም። የመቅዘፊያ ድምፅ ሰማሁ፤ ታንኳውን ግን አላየሁትም። 1፡05 ላይ የገዳሙ ዛፎች ታዩ፤ ከግንዳቸው ሳይሆን ከጫፋቸው ጀምሮ። ታንኳው ለካ ሁለት ሰዎች ነበሩበት፤ አይነጋገሩም።»